የሦስት ጎጆ ስንቅ

ዘርፈሽዋል ሰው ሲዋሽ የምታውቀው በእጁ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ስትገፋ፣ "ደህና ነዎት?" ብላ ያልጠየቀችው መንገደኛ የለም፤ "ደህና ነኝ" ያላላትም የለም። አፍ ደህና ነኝ ይላል፤ እጅ ግን የወንበሩን መደገፊያ አንቆ ይይዛል። ያን ጊዜ እርምጃዋን ትቀንሳለች። አየር ማረፊያው ውስጥ የሚመላለሰው ባቡር ውስጥ ሲገቡ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ፍሬኑን ትይዝና ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃለች። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲላቀቁ ታያለች። አበባ ሲፈነዳ ያየች ያህል ደስ ይላታል።

በበረዶው ወራት ከምትገፋቸው ብዙዎቹ በረዶ ላይ በስኪ ሲንሸራተቱ እግራቸውን የሰበሩ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ታዝንላቸው ነበር፤ ትንሽም ትታዘባቸው ነበር። ጤነኛ ሰው ከተራራ ላይ ሊወድቅ ብሎ ከቴክሳስ ድረስ ይመጣል? አንድ ቀን ግን እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ የታሸገ፣ ሰባውን ያለፈ ሽማግሌ ደረሳትና ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ሲስቅ ሄደ። ምን እንደሚያስቀው ብትጠይቀው፣ ለአራት ቀን ከጎጆ ወደ ጎጆ በስኪ ሲሻገር መክረሙን ነገራት። መሪ የለም፣ የተጠረገ መንገድ የለም፤ ካርታና ጓደኛ ብቻ። ማታ ጎጆዋ ውስጥ እሳት አንድደው፣ በረዶ አቅልጠው ይጠጣሉ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ዓለም ትናንት የተፈጠረች ትመስላለች።

"እግርህስ እዚያ ነው የተሰበረው?"

"እዚያማ ምንም አልሆንኩም። ከተመለስን በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ አንሸራቶኝ ነው!"

ዘርፈሽዋል ወንበሩን አቁማ ሳቀች። የዚያን ዕለት ሥራ ጨርሳ፣ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ወዳለው አፓርታማዋ ስትገባ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ለልጇ፣ "ስኪ አስተምሪኝ" አለቻት። ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ልጇ ሶልያና እዚያው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ሆስፒታል ውስጥ ኤክስሬይ የምታነሳ ወጣት ናት። ስኪ የተማረችው ሃይስኩል እያለች ነው። "እናት ስብራት ትገፋለች፣ ልጅ ስብራት ፎቶ ታነሳለች" እያለ የሚያሾፍባቸው የዘርፈሽዋል ታናሽ ወንድም ቴዲ ነው። የስኪውን ነገር ሲሰማ ቴዲ ታክሲውን ጥግ አስይዞ ደወለ።

"እህቴ፣ አንቺ በረዶ ሲጥል መኪናሽን የምጠርግልሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"አንተ ነህ።"

"ታዲያ ከበረዶ ጋር በማን በኩል ታረቅሽ?"

አራት የበረዶ ወቅቶች አለፉ። መውደቅ ተማረች፤ ከዚያ መነሳት ተማረች፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለመውደቅ ተማረች። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ሶልያና የኮምፒውተሯን ስክሪን ወደ እናቷ አዞረችና የተራራ ጎጆዎቹን አሳየቻት። ሦስት ናቸው፤ ከሌድቪል ከተማ ከፍ ብሎ ጫካ ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ቀን መንገድ ተራርቀው የተቀመጡ። ቦታ የሚሰጠው በዕጣ ነው፤ ዕጣው የሚገባው ደግሞ ከዓመት በፊት።

"ዴት ምረጪ እማ።"

እዚህ ላይ ነው ዘርፈሽዋል የተሳሳተችው። ማቀዝቀዣው ጎን የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር በጣቷ ተከተለች። ዐቢይ ጾም የገባው ማርች አጋማሽ ሊሆን ሲል ነው። "የማርች የመጀመሪያው ሳምንት ይሁን" አለች፤ "ያኔ ገና ቅበላ ነው።" የተሰቀለው ግን የዚያ ዓመት ካሌንደር ነበር። ፋሲካ በየዓመቱ እንደሚዘዋወር፣ ጾሙም አብሮት እንደሚሄድ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ የጾመች ሴት ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ደስታ ነው ያስረሳት። ዕጣው ሲወጣላቸው ኩሽና ውስጥ እልል ብላ የጎረቤት ውሻ አስጮኸች።

የተረዳችው በተከታዩ ዓመት፣ በፌብሯሪ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ "የነነዌ ጾም ነገ ይገባል" ሲባል ነው። ቆማ በጣቷ ቆጠረች። ከነነዌ ሁለት ሳምንት፣ ሁዳዴ። ከሁዳዴ አንድ ሳምንት፣ ጉዞው። እንደገና ቆጠረች። ጣት አይዋሽም።

ለማንም አልተናገረችም።

ዕቅዱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ተጓዦቹ ሦስት ናቸው፤ ሶልያና፣ እናቷ፣ እና እንግልውድ የምትኖረው ነርሷ መቅደላዊት፣ የሶልያና የልብ ጓደኛ። የጋራውን አካፋ ማን እንደሚይዝ፣ መድኃኒቱ በማን ቦርሳ እንደሚሆን፣ ከስኪው ሥር ተለጥፎ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተቱ የሚይዘው ጠጉራም ጨርቅ ቢበጠስ በምን እንደሚጠገን፣ ሁሉም ተጽፏል። ካርታው ላይ ቀጥ ያሉት ዳገቶች ቀይ ተቀብተዋል፤ የበረዶ ናዳ የሚነሳው ከእነሱ ስለሆነ አይረገጡም። ቴዲ የዚህ ሁሉ ቅጂ ተሰጥቶታል፤ ዓርብ እስኪመሽ ስልክ ካልደወሉ ለማን እንደሚደውል ጭምር። ከሁሉ በታች ሶልያና በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ጽፋለች፦ አንዷ እምቢ ካለች ሦስታችንም እምቢ ብለናል።

ዘርፈሽዋል ይቺን መስመር ባየች ቁጥር ትደነቅ ነበር። በዕድሜዋ እንደዚህ ያለ ሕግ አይታ አታውቅም።

ጾሙ ሲገባ ሶልያና የስንቁን ዝርዝር ይዛ መጣች። "እማ፣ ጾም ነው እንዴ? እኔ ቺዝና ሳላሚ ጽፌልሻለሁ!"

"ለእኔ አታስቢ፤ የራሴን እይዛለሁ።"

ሶልያና እናቷ በጾም ሥጋና ወተት እንደማትነካ ታውቃለች። የማታውቀው ሰዓቱን ነው። ዘርፈሽዋል በሁዳዴ፣ ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ በቀር፣ ቀትር አልፎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሥራ ስለምትውል ልጇ አይታው አታውቅም። እሷም አልነገረቻትም፤ ጾም አይወራማ። ከልጅነቷ የተማረችው እንዲህ ነው፦ ፊትሽን ታጠቢ፣ ፀጉርሽን ቅቢ፣ ማንም አይወቅብሽ።

ጉዞው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ቦርሳቸውን ሙሉ ጭነው ለሙከራ ወጡ። ቦታው ከዴንቨር በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ሸለቆ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ በረዶው ሲረገጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ይሰበራል። ዘርፈሽዋል ከኋላ እየሄደች የሁለቱን ልጆች ዱካ ስታይ፣ ሁለት ቀጫጭን መስመር በነጭ ወረቀት ላይ ተጀምሮ ያላለቀ ደብዳቤ መሰላት።

በመጀመሪያው ዕረፍት ሶልያና የለውዝና የቴምር ኬክ ሰጠቻት። ኪሷ ከተተችው። "ቆይ፣ በኋላ።"

"ደህና ነሽ እማ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ጥላዎች እግር ሥር ገብተዋል። ዘርፈሽዋል ጠጉራሙን ጨርቅ ከስኪዋ ልትነቅል ጓንቷን አወለቀች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ጓንቱ ወደቀና ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ። ቆማ አየችው። የሌላ ሰው ጓንት እንደሚሄድ ነበር የምታየው።

መቅደላዊት ስኪዋን አዙራ መጣች። "እትዬ ዘርፌ፣ ዛሬ ምን በሉ?"

"ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ።"

"እሱን አልጠየቅኩዎትም።" የዘርፈሽዋልን ኪስ ከፈተች። ሦስቱም ኬኮች ከነማሸጊያቸው ወጡ። የውሃ ኮዳዋ እንደሞላ አንገቱ ላይ በረዶ ሠርቷል።

 ሶልያና ከቴርሞሱ ስኳር የበዛበት ሻይ ቀዳች። ዘርፈሽዋል ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ፀሐይዋን አየች፤ ገና ነው። መቅደላዊት፣ "ይጠጡ" አለች፤ በሽተኛ የሚታዘዝላት ድምፅ ነበራት። ጠጣች።

መኪናው ውስጥ ሶልያና የተናገረችው ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው።

"ዋሸሽኝ።"

"አልዋሸሁም። ጾም አይወራም።"

"ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ! እማ፣ እዚያ ላይ ጋይድ የለንም። ሪያሊ፣ ማንም የለም። አንቺ ደህና ነኝ ስትዪ እኔ በሱ ነው ዲሳይድ የማደርገው። ጋይዳችን ያንቺ 'ደህና ነኝ' ነው፤ እሱ ደግሞ ባዶ ነው።"

ዘርፈሽዋል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስኮቱ ላይ የራሷን እጅ አየች፤ የወንበሩን መደገፊያ አንቃ ይዛለች።

ቤት ሲገቡ ሶልያና ማቀዝቀዣው በር ላይ "እማ" የሚለውን በእርሳስ ሰረዘች። ጎኑ ላይ "ኪሩቤል?" ብላ ጻፈች። ኪሩቤል አብሯት የሚሠራ ልጅ ነው፤ የጎጆዎቹን ወሬ ካነሳችለት ወዲህ አብሬ ልሂድ የሚለውን ልመናውን አላቆመም። "እሑድ እነግረዋለሁ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ዘርፈሽዋል የምሳ ዕረፍቷ ላይ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ሩቅ አይደሉም። ቄስ ወልደየስ እሑድ ይቀድሳሉ፤ በሥራ ቀን ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው ወደ አየር ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶብስ ይነዳሉ። ተራቸውን ሲጠብቁ አገኘቻቸውና ከኋላቸው ካለው ወንበር ተቀመጠች።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው፣ ፊትሽ ጠቁሯል?"

ነገረቻቸው። በመስተዋቱ እያዩአት ሰሙ።

"መንገዱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?"

"በቀን ስድስት፣ ሰባት።"

"ዳገት?"

"ዳገት።"

"እኔ ማሞቂያ ከፍቼ ተቀምጬ እየነዳሁ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ዓይኔ ይፈዛል፤ አንቺ ቦርሳ አዝለሽ ተራራ ትወጫለሽ? ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?"

"ይከለክሉኛል ብዬ።"

"መሄዱን?"

"አይደለም አባ፤ መጾሙን። ሁለቱንም ፈልጌ ነው።"

ቄስ ወልደየስ ፈገግ አሉ፤ ቶሎም ሰበሰቡት። "ለመንገደኛ ሰዓቱ ይፈታል። ለአራቱ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ብዪ፤ ከሥጋና ከወተት ግን ተከልከይ። ስትመለሺ አራት ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቆያለሽ። ስግደት እንዳልጨምርልሽ ጉልበትሽን አውቀዋለሁ።" ከዚያ ዞረው በመስተዋት ሳይሆን በዓይናቸው አዩአት። "አሁን ስለ ልጅሽ ልንገርሽ። ጾምሽን ከሰው የምትደብቂው ሰው እንዳያመሰግንሽ ነው። ልጅሽ ስትጠይቅሽ ልታመሰግንሽ ነበር?"

ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች መምጣት ጀመሩ። ዘርፈሽዋል መስቀላቸውን ተሳልማ ልትወርድ ስትል፣ "ዘርፈሽዋል" ብለው ጠሯት። "እውነት በረዶ አቅልጣችሁ ነው የምትጠጡት?"

"እውነት አባ።"

"ጉድ እኮ ነው!" አሉ፤ ፊታቸው የሕፃን ሆነ።

ቅዳሜ ሶልያና ስንቁን በኩሽና ሚዛን እየመዘነች ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። ክብደቱ የቀለለ፣ ጉልበቱ የበዛ ነው የሚፈለገው። ዘርፈሽዋል በቆርቆሮ በሶ ይዛ መጣች። ገብሱን ራሷ ቆልታ ያስፈጨችው ነው። በዘይት፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ አሸችው፤ በመዳፏ እየጨበጠች ለአራቱ ቀን የሚበቃ ጭብጦ ሠራች። የጣቶቿ ቅርጽ በላዩ ቀረ።

"አባ ሰዓቱን ፈተውልኛል" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ እበላለሁ። ይሄን።"

ሶልያና አንዱን ጭብጦ አሸተተችው። መዘነችው። በሶ ስንት ጉልበት እንደሚሰጥ ስልኳ ላይ ፈለገች፤ ቅንድቧ ከፍ አለ። ከዚያ አንድ ጭብጦና አንድ የለውዝ ኬክ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችና እጇን አጣምራ ቆመች። ከሰዓት በኋላ አወጣቻቸው። ኬኩን ብትነክሰው ጥርሷን ያዘች፤ ጠረጴዛው ላይ ብታንኳኳው እንደ ጡብ ጮኸ። ጭብጦው ግን እሺ ብሎ ተነከሰ።

"ኖ ዌይ" አለች አፏ ሞልቶ። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች። "ግን እማ፣ ችግሩ ምግቡ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ጠይቂኝ።"

"ምን?"

"ተራራው ላይ የምትጠይቂኝን።"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና—" ዘርፈሽዋል አፏን በእጇ ያዘች። "አየሽ? እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ መልሱ እኔን አይጠብቅም። ታምሜም፣ አዝኜም፣ ያው ነው የምመልሰው። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። እኔ ወንበር ላይ ያለውን ሰው በአፉ አላምነውም፤ እጁን ነው የማየው። እንደሱ አድርጊኝ። መቼ በላሽ በይኝ። የቱ ጋ ያምሻል በይኝ። እጅሽን አሳዪኝ በይኝ። ለእነዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም።"

 ሶልያና ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ከሕጉ ሥር ሦስቱን ጥያቄዎች ጻፈች። የተሰረዘውን ስም ግን አልመለሰችውም።

"ማክሰኞ ጠዋት መኪናው ጋ እጠይቅሻለሁ። ደህና ነኝ ካልሽኝ፣ መኪናውን ይዘሽ ሌድቪል ትጠብቂናለሽ፤ እኔና መቅዲ ለዚያው ቀን ብቻ ሄደን እንመለሳለን። ጎጆዎቹ ይቀራሉ።"

"ኪሩቤልስ?"

ሶልያና የሚዛኑን መስታወት በእጅጌዋ ጠረገች። "አልደወልኩለትም።"

ማክሰኞ። ከሌድቪል በላይ፣ መንገዱ የሚያልቅበት መኪና ማቆሚያ። ፀሐይ የጥዱን ጫፍ ብቻ ነክታለች፤ ትንፋሻቸው ፊታቸው ላይ ቆሞ ይቀራል። መቅደላዊት አንድ በአንድ እያሳለፈች፣ ሰው ናዳ ቢውጠው ካለበት የምትጠራውን ትንሿን መሣሪያ ፈተነች። የሦስቱም ጮኸች። የቀረው ጥያቄው ነበር።

ሶልያና እናቷ ፊት ቆመች። "መቼ በላሽ?"

"ከሌድቪል ስንነሳ። ሁለት ጭብጦ፣ አንድ ኩባያ ሻይ።"

"የቱ ጋ ያምሻል?"

ዘርፈሽዋል አመነታች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያ የለመደችው፣ ለስላሳው ቃል። ዋጠችው። "ቀኝ ጉልበቴ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ደረጃ ስወርድ ነው እንጂ ስወጣ አይሰማኝም። ደግሞ በደንብ አልተኛሁም።" ጓንቶቿን አወለቀች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየች። "ደግሞ ፈርቻለሁ።"

ሶልያና እጆቹን ያዘች። እያንዳንዱን ጣት አጠፈች፣ ዘረጋች፤ በሥራ ቦታዋ ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ አጥንት እንደምታነብ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። እጆቹ ሞቃት ነበሩ። አይንቀጠቀጡም።

"ኦኬ" አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። "ኦኬ። እንሄዳለን። ጉልበትሽን መቅዲ ታስርልሻለች፤ ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ነው የምንወርደው።" ስኪዋን ልታጠልቅ ጎንበስ አለች።

"ቆይ" አለች ዘርፈሽዋል። "አንቺስ መቼ በላሽ?"

ሶልያና ቀና አለች። መቅደላዊትን አየች፣ ተራራውን አየች፣ የጫማዋን ማሰሪያ አየች።

"እማ፣ አይም ፋይን።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

መቅደላዊት ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"...ትናንት ማታ" አለች ሶልያና። "ጠዋት አልወርድ አለኝ። ብትጎጂብኝስ እያልኩ።"

ዘርፈሽዋል ቦርሳዋን በረዶው ላይ አሳረፈች። ከላይኛው ኪስ አንድ ጭብጦ አወጣችና በመዳፏ ላይ አድርጋ አቀረበችላት።

"እምቢ ብያለሁ" አለች። "አንዷ እምቢ ካለች ሦስታችንም እምቢ ብለናል። ጨርሺና እንሄዳለን።"

ሶልያና ተቀበለቻት። ቆማ አኘከች፤ እናቷ ቆማ ጠበቀቻት። ፀሐይዋ ከጥዱ ጫፍ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ሥሩ ወረደች። ፀሐይዋ በረዶው ላይ ስትደርስ ሶልያና የመጨረሻውን ፍርፋሪ ከጓንቷ ላይ ለቅማ በላች።